ይቅርታ ያለችው ለማን ነው?

ሰውየው ጃኬቱን ከፍቶ ደረቱን አሳያት። ቲሸርቱ ላይ በትልልቅ ፊደል "ይቅርታ" ተብሎ ተጽፏል። ሮንዳ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ፈዛ ቀረች።

"እዚህ ላይ ፈርሚልኝ" አላት። "ካላስቸገርኩሽ።"

ጉድ እኮ ነው። ሮንዳ በሌላው ቀን ቶሮንቶ ውስጥ የከተማ ባቡር ነጂ ናት፤ ተሳፋሪ ቀና ብሎም አያያት። ዛሬ ቅዳሜ ግን በዚህ የትምህርት ቤት ጂምናዚየም ውስጥ ሰው እሷን ለማየት እስከ በሩ ተሰልፏል፤ ከሩቋ የሃሊፋክስ ከተማ ድረስ የመጣም አለ። ምክንያቱ በአሥራ ስድስት ዓመቷ የተወነችበት ስለ ተማሪዎች የተሠራ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ያኔ አዘጋጆቹ የተማረ ተዋናይ አልፈለጉም፤ የሠፈር ልጆችን ለቃቅመው፣ ከነብጉራቸው፣ የገዛ ልብሳቸውን እንደለበሱ ቀረጿቸው። ያ ሁሉ ተመልካች ዛሬ ወልዷል፣ ተፋቷል፣ ሸብቷል፤ ድራማውን ግን አልተወውም። ምን እንደያዛቸው ሮንዳን ግራ ይገባታል።

"ግሌን እባላለሁ" አለ ሰውየው። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይቅርታ ያልሽው ለዳረል ነው፣ አይደል?"

ዳረል በድራማው ውስጥ በመኪና አደጋ የሞተው ልጅ ነው። ሮንዳ የተጫወተቻት ቶንያ፣ እሱ በሞተበት ቀን አኩርፋው ነበር። ከቀብሩ በኋላ ትምህርት ቤት ሄዳ የልጁን ሎከር፣ ደብተር የሚያስቀምጥበትን የብረት ሳጥን፣ ትከፍታለች፤ አይታ አይታ፣ አንድም ቃል ሳትናገር ትሄዳለች። ጽሑፉ የሚለው ይህንኑ ነበር። ሮንዳ ግን ዞር ስትል የሎከሩ በር ትከሻዋን ገጫትና "ይቅርታ" አለችው። ለብረት። እኛ አገር፣ ካናዳ፣ ሰው የገጨውን ወንበር ሳይቀር ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሳያስቡት ከአፍ ያመልጣል። ዳይሬክተሩ ሳይቆርጠው ተወው፣ አገር ምድሩም አለቀሰ።

"ለምን ጠየቅከኝ?" አለችው።

"ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተጣልቼ ነበር። በነጋታው ሐይቁ ላይ ሲሄድ በረዶው ተሰብሮ ሰመጠ። ቀብሩ ላይ እንኳ ቃል አልወጣኝም። ከዚያ ያን ክፍል አየሁ። አንቺ ይቅርታ ስትዪ እኔም አብሬሽ አልኩት።" ፈገግ ለማለት ሞከረ። "የሙት ዓመቱ በደረሰ ቁጥር አሁንም አየዋለሁ።"

 ሮንዳ ቲሸርቱ ላይ ፈረመችለት።

ዳረልን የተጫወተው ድዋይት አጠገቧ ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል። ዛሬ ቤት አሻሻጭ ነው፤ አፉ ደግሞ አያርፍም።

"ዛሬ ለጥያቄና መልሱ መድረክ ላይ ስንወጣ እውነቱን እናውጣው" አላት፣ ግሌን ዞር ሲል። "ለሎከር እንዳልሽው። በሳቅ ነው የሚሞቱት።"

"ተው እንጂ ድዋይት። ሰውየውን አልሰማኸውም?"

"ሰማሁት። ታዲያ ዕድሜ ልኩን በውሸት ይጽናና? ደግሞ አንቺው ራስሽ አይደለሽ እየሳቅሽ የነገርሽኝ?"

እውነቱን ነው፤ የነገረችው እሷው ናት። ግን በሩ ሳይገጫት በፊት ዳረል የምር የሞተባት መስሏት አልነበረም? ወይስ ይህን አሁን ግሌን ነው ያስገባባት? የትከሻዋ ሕመም በደንብ ትዝ ይላታል። ሌላው ሁሉ ተደበላልቆባታል።

መድረክ ላይ ወጥተው ገና ከመቀመጣቸው ያ የተፈራው ጥያቄ ከተመልካቹ መጣ። ድዋይት ቀድሟት ማይኩን አነሳ።

"እኔ ልንገራችሁ። ገጭቷት ነው፤ ይቅርታ ያለችው ለሎከሩ በር ነው።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ግሌን ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ እሱ አልሳቀም። የጃኬቱን ዚፕ ቀስ አድርጎ እስከ አንገቱ ዘጋው።  ሮንዳ ማይኩን ከድዋይት እጅ ወሰደች።

"ድዋይት ምን ያውቃል" አለች። "ያን ቀን የት ነበረና? ሞቶ ነበር እኮ።"

ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

"በሩ ገጭቶኛል፤ እሱ እውነት ነው። ይቅርታ ያልኩት ግን ለዳረል ነው።"

ዋሸች ወይስ እውነቷን ነው? እሷም ብትጠየቅ አታውቀውም። ድዋይት ማይኩን እንድትመልስለት እጁን ዘረጋ። ሮንዳ አጠፋችውና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።