የሰኔው ቆጠራ

ሰቢሪና የሞተችው በ2002 ዓ.ም. ሚያዝያ ሃያ ቀን ነው። ከጎባ የተሳፈረችበት የጭነት መኪና ሳኔቲን አቋርጦ ወደ ሪራ ሲወርድ ጭጋጉ ውስጥ መታጠፊያውን ሳተና ገደል ገባ። በማግስቱ በትውልድ መንደሯ በሪራ ስትቀበር ጀናዛዋ ላይ ከቆሙት አንዱ፣ ሮቤ ከሚገኝ አንድ ኮሌጅ የመጣው አለቃዋ መምህር ጉሉማ ነበር። አፈር ሲመለስባት በዓይኑ አይቷል። ኋላ ለደረሰው ነገር ሁሉ «አላወቅሁም ነበር» ማለት ያልቻለው ለዚህ ነው።

ምርምራቸው በሐረና ጫካ ንቦች ላይ ነበር። የትኛው አበባ ሲፈነዳ ስንት ንብ ዛፍ ላይ ወደተሰቀለው ቀፎ እንደሚመላለስ ለማወቅ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዛፍ ዛፍ የዞረችው ሰቢሪና ናት። የማር ቆራጭ ልጅ ስለሆነች ዛፍ መውጣት ብርቋ አልነበረም። ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ በደቂቃ የሚገቡትን ንቦች ትቆጥራለች፤ ቀኑን ትጽፋለች፤ ከጎኑ ስሟን አሳጥራ «ሰ.አ.» ትላለች። ጉሉማ ጫካው ድረስ የሄደው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱን ጊዜም ዝናብ ከመንገድ መልሶታል።

በዚያው ዓመት ክረምት ጽሑፉን አዘጋጅቶ ለአንድ ጆርናል ላከ። ከርዕሱ ሥር ያለው ስም የእሱ ብቻ ነበር። «ለሙት ምን ያደርግላታል?» አለ ለራሱ። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማመልከቻው ደግሞ ብቻውን የጻፈው ሚዛን ይደፋል። የእሷን ስም መጨረሻ ላይ፣ «ምስጋና» ከሚለው ሥር፣ ከኮሌጁ ሾፌር ስም ቀጥሎ አስገባው።

ከገምጋሚዎቹ አንዱ ግን «የሦስተኛው ዓመት የሰኔ ቆጠራ ጎድሏል፤ ያለ እሱ ድምዳሜው አይጸናም» ብሎ መለሰለት። ጉሉማ የቢሮውን በር ከውስጥ ቆለፈ። ባዶ የመስክ ቅጾች አወጣና፣ ያለፉትን ሁለት ሰኔዎች እያየ፣ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ እያደረገ፣ አሥራ ስድስት የቆጠራ ቀን ፈጠረ። ቅጾቹን አምጣ ቢባል እንዳይታወቅበት የእጅ ጽሕፈቷን አስመስሎ ነበር የሚጽፈው። ሰቢሪና ሰባት ቁጥርን ወገቡ ላይ በአጭር ሰረዝ ትቆርጠው ነበር፤ እሱም ቆረጠው። «የቆጣሪው ስም» የሚለው ሣጥን ጋ ሲደርስ «ሰ.አ.» ብሎ ሞላ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሰ። የቀበራት ልጅ ከሰኔ አራት ጀምሮ እንደገና ዛፍ ላይ ወጣች።

ጽሑፉ ታተመ፤ ቆጠራውም ከነቀኑ፣ ከነቆጣሪው ስም፣ በአባሪው ሠንጠረዥ ወጣ። ባልደረቦቹ «እንኳን ደስ አለህ» አሉት። አንድ ቀን ግን ክፍል ውስጥ እያስተማረ ሰሌዳው ላይ ሰባት ቁጥር ሲጽፍ፣ እጁ ራሱ ሄዶ ወገቡን ቆረጠው። አጠፋው። ሌላ ሰባት ጻፈ፤ ያም ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ ላይ ቀን ሲጽፍ፣ ፈተና ሲያርም፣ ያቺ ሰረዝ መምጣቷን አልተወችም። ጭንቀቱ ሲብስበት ለወላጆቿ የጆርናሉን አንድ ቅጂ ላከላቸው። ምስጋናውን ቢያነቡ ደስ ይላቸዋል፣ እኔንም ቀለል ይለኛል ብሎ ነው።

በኅዳር 2004 የሰቢሪና አባት ኦቦ አሊዪ ቢሮው መጡ። ቦት ጫማቸው ጭቃ ለብሷል፤ ጆርናሉን በፌስታል ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘዋል። ጉሉማ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ። «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። አትሳቅብኝ።»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ይጠይቁኝ፣ አባባ።»

«ቀመር የምትባለው የሪራ አስተማሪ ይህን በኦሮምኛ እየመለሰች አነበበችልን። ሰቢሪና በሞተችበት ዓመት፣ በሰኔ አራት ቆጠረች ይላል። በሰኔ ስድስትም። አሥራ ስድስት ቀን ነው፤ ቀመር ሁለቴ ደጋግማ ቆጥራዋለች።» ጆርናሉን ከፌስታሉ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «በሰኔ ልጄን አይተሃታል?»

ጉሉማ ዓይኑን ወደ ጆርናሉ መለሰ።

«የሞተ እንደማይመለስ አውቃለሁ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እምነት አለኝ» አሉ አሊዪ። «እናቷ ሲምቦ ናት የቸገረችኝ። በዚያ ሰኔ ‹ከቀፎው ዛፍ ሥር የሰቢሪናን ኮቴ ሰማሁ› ትል ነበር። ሐዘን ነው ብለን አስተውናት፤ እሷም ተወችው። አሁን ይህ መጣ። ‹ይኸው፣ የተማሩ ሰዎች ጽፈው አተሙት!› አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዛፉ ሥር ነው የምትውለው። ወተት ታስቀምጥላታለች። ካየሃት ንገረኝ። ምን ለብሳ ነበር?»

«የ… የጽሕፈት ስህተት ነው» አለ ጉሉማ።

«አሥራ ስድስቱም?»

«አሥራ ስድስቱም፣ አባባ። ኮምፒውተር ላይ ሲገለበጥ ነው።»

አሊዪ ጆርናሉን መልሰው በፌስታሉ ጠቀለሉ። አልተቆጡም። «ገለቶማ፣ ልጄ» ብለው አመስግነውት ወጡ። ምስጋናቸው ከርግማን ይልቅ ከበደው።

አራት ቀን እህል አልወርድ አለው። በአምስተኛው ቀን ለጆርናሉ ዋና አዘጋጅ ለዶክተር ወለተኢየሱስ ያደረገውን አንድ በአንድ ጽፎ ላከ። በሳምንቱ ደወለችለት።

«ጽሑፉ ይሰረዛል» አለችው። «የተሰረዘበት ምክንያትም በሚቀጥለው እትም ይወጣል።»

«ዶክተር፣ ‹በመረጃ ስህተት› ተብሎ ቢወጣስ?»

«ስህተት ነበር?»

ጉሉማ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«‹ደራሲው ያልተደረገ ቆጠራ ፈጥሮ፣ በሞተች ባልደረባው ስም አቅርቧል› ብለን ነው የምንጽፈው። አንባቢው ያመነን እኛን ነው፤ እኛም አንተን ለመሸፈን ብለን አንዋሽም። የሁለቱ ዓመት ቆጠራ የእሷ ሥራ ከሆነ፣ ወላጆቿ ሲፈቅዱ በእሷ ስም ላኪው… ላከው ማለቴ ነው። እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ይገመገማል።» ድምፅዋ ለስለስ አለ። «ለእናቲቱስ ማን ይነግራቸዋል?»

ስልኩን ዘጋ። «ላኪው» ያለችው በስህተት እንደሆነ ያውቃል፤ ቢሆንም ከወንበሩ ዘወር ብሎ ከኋላው ያለውን ባዶ ክፍል አየ።

ኮሌጁ ማዕረጉን ከለከለው፤ ለሁለት ዓመትም ከምርምር አገደው። እሱ ግን የውሳኔውን ደብዳቤ ሳይጠብቅ ነበር ሪራ የወረደው። ሲምቦን ያገኛት አሊዪ እንዳሉት ዛፉ ሥር ነው፤ ነጠላዋን ተከናንባ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ቀፎውን ታያለች። አሊዪ አጠገቧ ቆመዋል። ጉሉማ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

«እማማ፣ በሰኔ ሰቢሪና እዚህ አልነበረችም። ቁጥሩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ስሟንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሮቤ፣ ቢሮዬ ተቀምጬ።»

ሲምቦ ትኩር ብላ አየችው። «ኮቴዋስ? እኔ የሰማሁት?»

«እሱን አላውቅም፣ እማማ። እኔ የጻፍኩት ግን ውሸት ነው።»

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን አልነበረችም።»

ሴትየዋ እጇን ግንዱ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ጮኸች፤ በቀብሩ ቀን እንኳ እንደዚያ አልጮኸችም ይላሉ። ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች ከየቤታቸው ሮጠው መጡ። «ማን ሞተ?» አለ ቀድሞ የደረሰው።

«ሰቢሪና» አሉ አሊዪ።

ሌላ የጠየቀ የለም። ሴቶቹ ሲምቦን ደግፈው ወደ ቤት አስገቧት፤ ወንዶቹ ደጁ ላይ ተቀመጡ። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ለጉሉማም ቦታ ለቀቁለት። ተቀመጠ። ከሌሎቹ ጋር ሊያለቅስላት ፈልጎ ፊቷን ሊያስታውስ ሞከረ፤ ቢሮው ስትገባ፣ ስትስቅ፣ ቅጾቿን ስታስረክበው። አልመጣለትም። የመጣችለት በሰኔ ዝናብ ቅርንጫፍ ላይ ያስቀመጣት፣ አፏን ሳትከፍት የምትቆጥረው፣ እሱ የፈጠራት ሰቢሪና ብቻ ነበረች።