የክፍልፋይ ሰዓት ጸሎት

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። ከዋሸሁ የፊት ጥርሴ በቆሎ ስግጥ ይርገፍ።

አሜሪካ፣ አርካንሶ ገጠር ውስጥ ሎርና የምትባል እናት ነበረች። ልጇን ኬዝያን ትምህርት ቤት አትልክም፤ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ራሷ ታስተምራታለች። በዚያ ቤት የማይጣስ አንድ ደንብ አለ፦ የሚጸልይን ሰው ማንም አያቋርጥም፣ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ሎርና ናት፤ ጣጣውም ከዚያ መጣ።

ኬዝያ ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት ድንገት ጸሎተኛ ሆነች። ንባብ ላይ አትጸልይም፣ ሥዕል ላይም አትጸልይም። የሂሳብ መጽሐፉ ተገልጦ ክፍልፋይ ብቅ ሲል ግን ዱብ ብላ ትንበረከካለች፤ እስከ ምሳ አትነሳም።

ሎርና ምግብ አልበላ አላት። ከልቧ ከሆነ ባቋርጣት እግዚአብሔርን ተጋፋሁ፤ ካልሆነ ደግሞ በገዛ ቤቴ በጌታ ስም የምታጭበረብር ልጅ እያሳደግሁ ነው እያለች ትብሰለሰላለች። የልጇን ሽፋሽፍት ትሰልላለች፣ ትንፋሿን ታዳምጣለች።

አንድ ማለዳ ቆረጠች። ልጅቷ ስትንበረከክ እሷም አጠገቧ ተንበረከከች፤ መጀመሪያ የተነሳች ትጋለጣለች ብላ። ምድጃ ውስጥ ያለው የበቆሎ ዳቦ ማረር ጀመረ። የተነሳ የለም። ጭሱ ጣሪያ ነካ። ባሏ ዌንደል ከከብቶቹ ሲመለስ ሁለቱን ጭስ ውስጥ አያቸው፤ ሰው የሞተ መስሎት ባርኔጣውን አውልቆ ተንበረከከ። ውሻውም ተከትሎት ገባና የፊት እግሮቹን አጥፎ አቀረቀረ።

“እማ” አለች ኬዝያ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ “እየጸለይሽ አይደለም።”

“በምን አወቅሽ?”

“ስትጸልዪ ታቃስቻለሽ። አሁን እንደ ድመት አድፍጠሻል።”

“አንቺስ እየጸለይሽ ነው?”

“መጀመሪያ ከክፍልፋይ ለማምለጥ ነበር። ሰኞ ዕለት ግን የምር ሆነብኝ። ብነግርሽም አታምኚኝም።”

“አላምንሽም።”

“እኔም አንቺን ብሆን አላምንም።”

ዌንደል እየሳለ፣ “ኧረ ማነው የሞተው?” አለ።

“ዳቦው” አለችው ሎርና። ተነስታ ምድጃውን አጠፋችና መጽሐፉን ለልጇ ገፋችላት። “እኔም ዛሬ አንቺን ስጠብቅ አንድ ቃል አልጸለይኩም። ክፍልፋይሽን ጨርሺ። ከዚያ ከፈለግሽ ጸልዪ፤ እኔ ደጅ ነኝ፣ አልሰማሽም።”

ኬዝያ የመጨረሻውን ክፍልፋይ ሠራች፣ መጽሐፉን ዘጋች፤ የምታመልጠው ነገር ሳይኖር ቀስ ብላ ተንበረከከች። ሎርና ይህን ያየችው በመስኮት ነው። አልሰማሽም አለች እንጂ አላይሽም አላለችም።

ውሻው ግን አልተንበረከከም። እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ ደጅ ተጋድሞ ዝንብ ያባርር ነበር።