ክፈትና አሳያት

ጠመንጃ መክፈትን ለልጅ ልጄ ለብራንት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አያቱ፣ ባሌ ዋረን፣ ሲሞት ልጁ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ እናቱም ቦይሲ ከተማ ወርዳ በዚያው ቀረች። እኛ አገር አጋዘን ሳያድን የሚያድግ ልጅ የለም፤ እኔ ካላስተማርኩት ማን ያስተምረው? አጥር ከመሻገርህ፣ መኪና ውስጥ ከመግባትህ፣ ሰው ደጅ ከመርገጥህ በፊት ጠመንጃህን ከፍተህ ባዶነቱን ታሳያለህ፤ ሳትጠየቅ። «ባዶ ነው» ማለት አይበቃም፣ በዓይን ይታያል። ዋረን እንዲህ ነበር፤ አባቴም እንዲሁ።

አሁን ብራንት ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። አምና ሮይስ ከሚባል ጎማ ጠጋኝ ጋር ወዳጅነት ገጠመ። ሮይስና ጓደኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥቁር ጠመንጃ ደረታቸው ላይ አንግተው በገበያው መሀል ይዞራሉ፣ እየዞሩም በስልክ ይቀርጻሉ። ፖሊስ ሲያስቆማቸው ሕግ ይጠቅሱለታል፤ ሰው ሲሸሻቸው ይስቃሉ። መብት ካልተጠቀሙበት ይዝጋል ነው የሚሉት። መብቱን እኔም አልጠላም፤ ራስጌዬ ሽጉጥ አለ። ሰው ሲደነግጥ አይቶ መሳቁን ነው ያልወደድኩት። ልጄ ደግሞ መሳቅ እየለመደ ነበር።

አርዲስ ለአርባ ዓመት ጎረቤቴ ሆና ኖራለች፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነበረች። ልጇን ጆሊንን የጆሊን ባል ከሁለት ዓመት በፊት በገዛ ወጥ ቤቷ ውስጥ ተኩሶ ገደላት። በየግንቦቱ አርዲስ ሰው ትጠራና ፓርኩ ውስጥ፣ ኩሬው አጠገብ ልጇን ታስባለች። ዘንድሮ የቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ወረቀት ለጠፈች፤ «እባካችሁ ለዚህች ሰዓት ብቻ መሣሪያችሁን ቤት ተዉልኝ» የሚል። ሮይስ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ለሰዎቹ ሁሉ በተነው።

ቅዳሜ ጠዋት ብራንት ቦት ጫማውን ሲያስር ደረስኩበት።

«የአርዲስ ልጅ መታሰቢያ ነው፣ ብራንት። ሰልፍ እኮ አይደለም።»

«ፓርኩ የሕዝብ ነው፣ እማማ። ዛሬ በወረቀት ዝም ካልናቸው ነገ በሕግ ይመጡብናል።»

«ማን ነው የሚመጣብህ? አርዲስ? መኪና መንዳት ያስተማረችህ? አጥሯን ጥሰህ ቲማቲሟን ስትደፈጥጥ እንኳ ‹ድሮም ሰላጣ ልሠራው ነበር› ያለችህ?»

ፈገግ አለና መልሶ ኮስተር አለ። «እሷ ላይ ምንም የለኝም። ዳር ቆመን እንመለሳለን።»

«ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው።»

«የጥይት ካዝናውስ?»

«ለመልክ ነው አልኩሽ! አንቺ ደግሞ ስትጨነቂ!»

አሳየኝ አላልኩትም። አሳየኝ ካልኩት ቅር ብሎት ልብሱን ጠቅልሎ ሮይስ ዘንድ ይሄድብኛል ብዬ ፈራሁ። ያሳደግኩት እሱን ነው፤ የቀረኝም እሱ ብቻ ነው። በዕድሜዬ ጠመንጃን ሳላይ ያመንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ፓርኩ ውስጥ አርባ ሰው ያህል ተሰብስቧል። እኔም የድንች ሰላጣዬን ይዤ ከፊት ተቀመጥኩ፤ ግን አንገቴ ወደ ኋላ ነበር። ስድስት ሆነው ኩሬው ዳር ቆመዋል፤ ብራንት በዕድሜ ከሁሉም ያንሳል። ጡረተኛው ፖስተኛ ፍሎይድ አላስቻለውም።

«ምነው ጎበዝ፣ ዳክዬዎቹ አስፈራሯችሁ?»

ሰው ሳቀ። ሮይስ ስልኩን አዞረበት። «ሕግ አክባሪን የሚፈራ ሌባ ነው፣ አባባ። አንተ ምን ሰርቀሃል?»

«የሚስቴን ኬክ። ና ፈትሸኝ!»

አርዲስ የምታነበውን ወረቀት አጠፈች። ሳትቸኩል በወንበሮቹ መሀል አልፋ ብራንት ፊት ቆመች።

«ብራንት።»

«አክስቴ አርዲስ።» ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጆሊን ስታዝልህ ታስታውሳለህ?»

«አትመልስላት፤ እየቀረጽኩ ነው» አለ ሮይስ።

«አንተን ማን አናገረህ? በልጄ ቀን ዝም በልልኝ» አለችው፣ ዓይኗን ከብራንት ሳታነሣ። «ሰው ደጅ ስንደርስ ምን እናደርጋለን ልጄ? ዛሬ ይኼ የኔ ደጅ ነው። ክፈትና አሳየኝ። ከዚያ ብትፈልግ እስከ ማታ ቁም።»

«እንዳትነካው!» አለ ሮይስ። «ሰው መሀል እጅህ ካረፈበት አስፈራራ ብለው ይከሱሃል። እሷም የምትፈልገው ይኼንኑ ነው!»

ብራንት ዞሮ እኔን አየ። ልጅ ሳለ መንገድ ሲጠፋው እንደሚያየኝ።

እኔ ሞኟ ተነሥቼ ጠጋ አልኳቸው። ባዶነቱን ካሳያት ነገሩ አለቀ፤ አርዲስ እጁን ይዛ ወደ ወንበሮቹ ታመጣዋለች፣ ሮይስም ያፍራል ብዬ አሰብኩ። «ባዶ አይደል እንዴ የኔ ልጅ? ክፈትና አሳያት!» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ፊቱ አመድ መሰለ። እፍረት መሰለኝ። በሰው ፊት እምቢ ብሎኝ አያውቅም፤ ያን ቀንም አላለኝም። አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ ማቀባበያውን ሳበው። አንድ ጥይት ዘልላ ወጣች፣ ሲሚንቶው ላይ ነጠረች፣ ተንከባልላም አርዲስ ጫማ ሥር ቆመች።

ራቅ ብለው የነበሩት ጥይቷን የት አዩ? ያዩት አንድ ወጣት ጠመንጃ ሲያቀባብል ነው፤ የሰሙትም ያንን የብረት ድምፅ። አንዲት ሴት «ሊተኩስ ነው!» ብላ ጮኸች። ወንበሩ ተገለባበጠ። ሁለት ልጆች ያቀፈ ሰው እየሮጠ መጥቶ አርዲስን ገጫት፤ በጎኗ የኩሬው ድንጋይ ላይ ወደቀች። አጥንቷ ሲሰበር ሰምቼዋለሁ። ብራንት ሊያነሣት ተንበረከከ፤ ያ ሌላ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ገና አንገቱ ላይ ነው። ፓርኩን ይጠብቅ የነበረው ፖሊስ፣ ምክትል ሸሪፉ፣ ሽጉጡን መዝዞ «እጅህን! እጅህን!» ይላል። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ እጄን ዘርግቼ መሀላቸው ቆሜ «ልጄ ነው! ልጄ ነው!» እላለሁ። ብራንት በሆዱ ተኛ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተኮሰም።

ሸሪፉ ጠመንጃውን ወስዶ ልጁን ማታውን ለቀቀው። በማግስቱ ሮይስ የቀረጸውን አሰራጨ። ቆርጦታል፤ ጥይቷ የለችም፣ አርዲስም የለችም። ቀጥ ብሎ የቆመ ብራንትና የሚሸሽ ሰው ብቻ። «አንድ ነፃ ሰው ቆመ፣ መንጋው ፈረጠጠ» የሚል ጽፎበታል። ከማናውቀው አገር ሁሉ ጀግና፣ አንበሳ የሚል መልእክት ይጎርፍለት ጀመር። ብራንት ሶፋው ላይ ተኝቶ ግድግዳ ያያል።

«ለምን ዋሸኸኝ?» አልኩት።

«ባዶ ይዞ መቆም አይቻልም፣ እማማ። ከመኪና ስንወርድ ሮይስ የእያንዳንዳችንን ከፍቶ ያያል። ባዶ የያዘውን ‹አሻንጉሊትህን ይዘህ ወደ እናትህ› ይሉታል።»

እኛ ከፍተን የምናየው አለመጉረሱን ነበር፤ እነሱ መጉረሱን ያያሉ። ይኼን የት ልወቀው?

አርዲስን በየቀኑ ሆስፒታል እጠይቃት ነበር። «ፊቱን አይቼዋለሁ ዊልዳ» አለችኝ አንድ ቀን፤ «ከኔ ይልቅ እሱ ነው የደነገጠው። ይምጣ በይው፤ አልበላውም፣ ሰው ሠራሽ ጥርሴንም ወስደውብኛል።» ነገርኩት። ሁለት ጊዜ እስከ ሆስፒታሉ በር ነድቶ ተመለሰ። እሑድ አብረን እንገባለን ተባባልን። ሐሙስ ሳንባዋ ውሃ ቋጠረ፤ ዓርብ ጠዋት አረፈች።

ወንድ ልጇ ኔልስ ደወለልኝ። «እርስዎ ይምጡ፣ እትዬ ዊልዳ። እናቴ ከእርስዎ ሌላ እህት አልነበራትም፤ ከፊት ወንበር ይዤልዎታለሁ። እሱ ግን አይምጣ። ካየሁት ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

«አልቀየምህም ልጄ» አልኩት።

ብራንት ጢሙን ተላጭቶ የዋረንን ሙሉ ልብስ ለብሶ ጠበቀኝ። «ከመኪና አልወርድም። ከሩቅ ብቻ።» እሺ አልኩት። ከመቃብሩ አጥር ውጭ፣ ጥዶቹ ሥር አቆምኩ።

በሩን ከፍቼ አንድ እግሬን መሬት ላይ አሳረፍኩ። ኔልስ አየኝና ባዶውን ወንበር በእጁ አመለከተኝ። ያኔ የብራንት ስልክ ጮኸ። ሮይስ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ አራተኛው። ብራንት አላነሣውም፣ አልዘጋውምም። ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያየዋል።

«ሂጂ እማማ» አለኝ። «ግድ የለም። እኔ እዚሁ ነኝ።»

እዚሁ ነኝ ሲል ድምፁን ሰማሁት። ለአንድ ሰዓት ብተወው ስመለስ እንደማላገኘው አወቅሁ። በዚች ከተማ ዛሬ ናልኝ የሚለው ሰው ሮይስ ብቻ ነው።

እግሬን መልሼ በሩን ዘጋሁት። ኔልስ ትንሽ ጠበቀኝ፣ ከዚያ እጁን አወረደ። ቄሱ ማንበብ ጀመረ፤ መስኮቱ ተዘግቶ ስለነበር ምን እንዳነበበ አልሰማሁም። አርዲስ አፈር ስትለብስ እኔ መኪና ውስጥ የብራንትን እጅ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ወንበሬ እስከ መጨረሻው ባዶውን ቆየ።