የጠረገችው ጭረት

«ይቺን መስመር ማን ነው ያጠፋት?» አሉ የክፍሉ ኃላፊ፣ መነጽራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠግተው።

«እኔ ነኝ ጋሼ። የሳተላይት ጭረት ነች ብዬ።»

ተራራው ላይ ካለው ቴሌስኮፕ የሚመጣውን ምስል ማጽዳት የእሷ ሥራ ነው። ሳተላይት ሲያልፍ ምስሉን ይጭረዋል፤ እሷ ታጠፋለች። ባልደረቦቿ «መጥረጊያ» ይሏታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ግን ቀልዱም ቀዝቅዟል። ሁልጊዜ «በልቻለሁ» ስለምትል ለምሳ መጥራቱንም ትተዋል።

ጠረጴዛው ላይ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ታናሽ እህቷ ነች። ትናንት ደውላ «ፈቃድ ወስጄ ልምጣና አንቺ ጋ ልሰንብት? እስከ ነገ ካልጠየቅኩ አይሰጡኝም» ብላት ነበር። እሷም እንደ ልማዷ «ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ» ብላ ዘጋችው። ከዘጋች በኋላ ስልኩን መልሳ አነሳች፤ ግን አልደወለችም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ባዶ ቤት ውስጥ ሲከርም ግን ይነቅዛል፤ ለአንድ ሰው ራት መሥራት የሰለቸው ያውቀዋል።

ስልኩን ገለበጠችው።

«ሳተላይት ከሆነች ታዲያ በየሌሊቱ እዚህ ምን ትሠራለች?» አሉ ኃላፊው፣ ያልተነኩትን ምስሎች ጎን ለጎን ከፍተው።

እውነትም መስመሯ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ኔቡላ ከሚባለው የጋዝና የጥቁር አቧራ ደመና መሃል ተነስታ ወዲህና ወዲያ ተዘርግታለች። ምስሎቹን ሳታስተያይ መጥረጓ ገባት፤ አፈረች።

«ጄት ነው» አለች።

«ጄት ነዋ! ገና የተወለደ ግዙፍ ኮከብ፣ የሚጎርሰው ጋዝ በዝቶበት በሁለት በኩል ሲተፋው።»

«ኮከቡ ግን አይታይም።»

«አቧራው ውጦት እንዴት ይታይ? ይቺ መስመር ባትኖር እዚያ ማንም የለም ብለን እናልፈው ነበር። አይዞሽ ልጄ፣ ዋናው ምስል አለ። መልሻት።»

እሳቸው ሲሄዱ መስመሯን መለሰቻት። ከጨረሰች በኋላም እጇን ከማውዙ ሳታነሳ ለብዙ ጊዜ አየቻት።

ስልኩ እንደገና ተንቀጠቀጠ። አነሳችው።

«እታለም፣ አለቃዬ በር ላይ ቆሜያለሁ። ደህና ከሆንሽ ልተወው?»

«ደህና ነ...» አፏ ለምዶታል። ዓይኗ ግን ምስሉ ላይ ነበር።

«እታለም? አለሽ?»

«አለሁ። ደህና አይደለሁም» አለች። «ነይልኝ። ፈቃዱንም ረዘም አድርገሽ ጠይቂ።»