ሦስተኛው መልስ

እህቱ ያን የቴፕ ክር አምጣልኝ ያለችው ከሐኪም ቤት በተመለሰች በሦስተኛው ቀን ነው። ሐኪሞቹ "እቤቷ ትረፍ" ብለው ነበር የሸኟት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እሷም ቤተሰቡም ያውቃሉ፤ አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን የለም።

"እናታችን ለእኔ ያዜመችውን" አለች በስልክ። "አንተ የቀረጽከውን። አለ አይደል?"

"አለ" አላት።

ውሸት አልነበረም። ሙሉ እውነትም አልነበረም።

ሠላሳ አንድ ዓመት በሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ክፍል ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ባልደረቦቹ "ምላጩ" ይሉት ነበር። በዚያን ዘመን ድምፅ የሚስተካከለው ክሩን በምላጭ ቆርጦ በፕላስተር በመቀጠል ነበርና የእሱን ያህል እጁ የቀና አልነበረም። የተናጋሪን ሳል፣ የወንበር ሲጢጥታ፣ መንተባተብን ሁሉ እንደ ገለባ አበጥሮ ያወጣል። "ምላጩ ጋ የገባ ዲዳ አንደበተ ርቱዕ ሆኖ ይወጣል" እያሉ ይቀልዱበታል። ቀልዱን ይወደው ነበር።

እናታቸው በዜማ የምታክም ሴት ነበረች። ሥርዓቷ ቀላል ነው። ከበሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ የበሽተኛውን ትንፋሽ እየተከተለች ቀስ ብላ ትመታለች። ከዚያ በዜማ "ምንሽን ያምሻል?" ብላ ትጠይቃለች። ጠይቃም ከበሮውን በመዳፏ ከድና ትጠብቃለች። መልስ እስኪመጣ ድረስ፣ ሩብ ሰዓትም ይሁን ግማሽ ሰዓት፣ አትመታም። መልሱ ሲመጣ ቃሉን ተቀብላ በዜማ መልሳ ትሰጠዋለች። እንዲህ ሦስት ጊዜ ትጠይቃለች፤ ከሦስት አታሳልፍም። ጥያቄው ያው ነው፣ መልሱ ግን ያው ሆኖ አያውቅም። ሰውን ከአልጋ የሚያነሳው ሦስተኛው ነው ትል ነበር።

እህቱ የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ ተወልዶባት ሁለት ወር ከአልጋ ባልወረደች ጊዜ እናታቸው አዜመችላት። እሱ ያኔ አዲስ ተቀጣሪ ነው፤ ከመሥሪያ ቤት መቅረጫ ተውሶ መጥቶ ከአልጋው እግር ሥር ተከለው። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ከሦስተኛው መልስ በኋላ እህቱ ተነስታ ተቀመጠች። በማግስቱ ልብስ ስታጥብ ዋለች።

በወሩ ጣቢያው ስለ ዓለም ሕዝቦች የፈውስ ዜማ ዝግጅት ጀመረ። በበረዶ አገር በቆዳ አታሞ፣ በደሴቶች በዛጎል፣ በበረሃ በጭብጨባ ብቻ በሽተኛ የሚያክሙ ሰዎች ድምፅ ከየአገሩ ተሰብስቦ መጣ። ለእያንዳንዱ አራት ደቂቃ ተመደበ። የእናቱ ዜማ ከእነዚያ መሃል ሊሰማ ነው ብሎ ልቡ ዘለለ። ሁለቱን ሰዓት አራት ደቂቃ አደረገው። ዝምታውን ቆረጠ። ሳሉን ቆረጠ። ሦስቱ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ናቸው ብሎ ሁለቱን ጣለ። የእህቱም ድምፅ ሻካራና ሲቃ የተናነቀው ስለነበር ለአድማጭ አይመችም ብሎ ሙልጭ አድርጎ አወጣው። ቁርጥራጩ ከጠረጴዛው ሥር ካለው ቅርጫት ገባ፤ ጠዋት ከቆሻሻው ጋር ሄደ።

ዝግጅቱ በተላለፈ ጊዜ ያላመሰገነው አልነበረም። እናቱ ብቻ አዳምጣ ስታበቃ "እንዲህ ቸኩዬ ነበር እንዴ?" አለችው። የዋህነቷ አሳቀው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አሮጌውን ማጫወቻ ተሸክሞ እህቱ ቤት ደረሰ። በር የከፈተችለት የእህቱ ልጅ ናት።

"ጋሼ፣ ሙዚየም ዘርፈህ መጣህ እንዴ?"

"ዝም ብለሽ በዚያ በኩል ያዥ፤ ወገቤ ተቆረጠ።"

እህቱ ሦስት ትራስ ተደግፋ ነበር። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። "ተላጭተህ፣ ከራቫት አስረህ! ልትቀብረኝ ነው ልትድረኝ?"

"ኧረ እትዬ፣ ምን ዓይነት ቀልድ ነው?"

"ክፈተው በል።"

ከፈተው። የእናታቸው ድምፅ ጥርት ብሎ ክፍሉን ሞላው፤ አንድም ኮሽታ የለበትም። እህቱ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ከንፈሯ ሊመልስ ተዘጋጅቶ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዜማው ግን ሳይጠብቃት አልፏት ሄደ። ክሩ አለቀ።

"እኔስ የት አለሁ?" አለች።

ማጫወቻውን አጠፋ። "ቆርጬሻለሁ፣ እትዬ። ለሬዲዮው ብዬ።"

"ዋናውስ?"

"ዋናውን ነው የቆረጥኩት።"

ልጅቱ ከበሩ ደፍ ላይ ቆማ ቀረች።

"ሦስተኛውን ምን እንዳልኩ አላስታውሰውም" አለች እህቱ። "ከአልጋ ያነሳኝን ቃል! እናታችንን ብጠይቃት 'የራስሽ ነው፣ እኔ አልይዝልሽም' አለችኝ። አንተ ዘንድ አለ ብዬ አርባ ዓመት ተማምኜ ኖርኩ። ሳልሞት ልስማው ብዬ ነው።"

"ጋሼ፣ አንተ እኮ ሰምተኸዋል" አለች ልጅቱ።

ሰምቶታል። የሚቆርጥበትን ቦታ ለማግኘት ያቺን ቃል በማዳመጫ እያመላለሰ ሃያ ጊዜ ሰምቷታል። ከሲቃዋ በፊት የትንፋሿ ሹክታ እንዳለ፣ ቃሉ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አሁንም ያውቃል። ቃሉን ራሱን ግን አያውቀውም። ያን ዕለት ያዳመጠው ጉድለቱን እንጂ እህቱን አልነበረም።

"ልጄን" ነበር ያልሽው ቢላት ታምነዋለች። አፉ ላይ ደርሶ ነበር።

"አላስታውሰውም" አላት።

"እንግዲያው አንተ ጠይቀኝ።"

"እኔ? በዚህ ድምፄ?"

"ድምፅህን ማን ጠየቀህ? የአህያ ድምፅ እንደሆነ ከልጅነትህ አውቀዋለሁ። ጠይቀኝ።"

የአልጋውን ጠርዝ በመዳፉ እየመታ በተሰነጣጠቀ ድምፅ "ምንሽን ያምሻል?" አለ። ልጅቱ ሳቋን በእጇ አፈነች። እህቱ ቶሎ ሳትመልስ ስትቀር ዝምታው አስጨነቀው፤ የሥራው ልማድ ነው፣ አየር ላይ ሦስት ሰከንድ ዝም ከተባለ ሰው ይቆጣል። እጁ ሳይታወቀው መታ።

"አሁንም ቆረጥከኝ!" አለችው እህቱ። "ጎኔን ልል ነበር።"

"ይቅርታ። ጎንሽን።" ቃሉን እንደምንም በዜማ መለሰላት።

ሁለተኛውን ሲጠይቅ መዳፉን በሌላው እጁ ያዘው። ብዙ ቆየች።

"ይቺን ልጅ ብቻዋን ትቼ መሄዴን" አለች።

ልጅቱ ፊቷን አዞረች። እሱም ዜማውን አቃንቶ መጨረስ አልቻለም።

ሦስተኛውን ጠየቃት። በዚህ ጊዜ እጁን መያዝ አላስፈለገውም። ፀሐይ ከአልጋው ጫፍ ወደ ወለሉ ወረደች። አንዴ እህቱ አፏን ከፈተች፤ እሱም ጎንበስ አለ። መልሳ ገጠመችው። ትንፋሿ ረዘም ረዘም እያለ ሄደ።

"ተኝታለች" አለች ልጅቱ በሹክሹክታ።

"ልትመልስ ነበር ወይስ እንዲሁ ነው?"

"እኔ እንጃ፣ ጋሼ።"

ተቀምጦ ጠበቀ። እህቱ አመሻሹ ላይ ነቅታ ውሃ ለመነች፤ ሾርባውን ጨው የለውም ብላ አማረረች፤ ስለ ጎረቤቷ አዲስ አጥርም አወራች። ሳትመልሰው የተኛችበትን ጥያቄ ግን ከነመኖሩም የረሳችው ትመስል ነበር። ኩባያዋን አጥቦ ሲመለስ ጥያቄው ጉሮሮው ላይ ነበር፤ አራተኛ ጊዜ መጠየቅ ግን በእናታቸው ሥርዓት አልነበረም።