የአጋፋሪ መሸሻ የጣኒካ ጎመን

አጋፋሪ መሸሻ በሁዳዴ እኩሌታ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁለት ባዶ የቤንዚን ጣኒካ በትከሻው አንጠልጥሎ የጉለሌን አቀበት ሲወጣ ሚስቱ ታየች ከደጃፏ ሆና አየችውና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጎረቤቷ ጌጤ የምታለቅስ መስሏት «ምነው፣ ምን ደረሰብሽ?» ብላ ብትጠጋ፣ ለካ ታየች በሳቅ እየፈረሰች ኖሯል።

«እይልኝማ!» አለቻት ትንፋሿን እየሰበሰበች። «የደጃዝማች አዳራሽ በር ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ በስተርጅና ቆርቆሮ አግብቶ መጣ!»

እውነትም መሸሻ ዕድሜውን የጨረሰው ባንድ ደጃዝማች ቤት በአጋፋሪነት ነው። ግብር ሲበላ በር ላይ ቆሞ ይህን ያስገባል፣ ያንን ይመልሳል፤ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ ከሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ሌላ የሚያውቀው ሥራም አልነበረም። ጣልያን ገብቶ ደጃዝማቹ ሲሰደዱ፣ አዳራሹም የጠላት ስንቅ ማከማቻ ሲሆን፣ መሸሻ ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ። ታየች «በር የሌለው በረኛ» ትለው ነበር።

ጣኒካውን ያሸከመው ግን ቀልድ አልነበረም። ድሮ ከእንጦጦ ጀርባ ሴቶች ጎመናቸውን አዝለው በየማለዳው ይወርዱ ነበር። አርበኞች ጫካውን ከያዙ ወዲህ ጣልያን መንገዱ ላይ ኬላ ጣለ፤ የይለፍ ወረቀት የሌለው አይወርድም ተባለ። ጎመን ከሰፈሩ ጠፋ። ጾሙን ሽሮ በሉ፣ ሲሰለቻቸውም ሽሮ በሉ። ልጃቸው ባዩሽ ጥርሷን በፋቀች ቁጥር ድዷ ይደማ ጀመር፤ ያዩዋት አዋቂም «ያጣችው ቅጠላ ቅጠል ነው» አሉ። እንትከል ቢሉ ደግሞ ግቢያቸው አለት ነው። ከቤቱ ጀርባ የነበረችውን ጥቂት አፈር ጣልያን መንገድ ሲያወጣ ቆርሶ ወስዷታል።

«ጣልያኖቹ ሰፈር አየሁ» አለ መሸሻ ጣኒካዎቹን አለቱ ላይ እያስቀመጠ። «ድንኳናቸው ደጃፍ በጣኒካ ቲማቲም ተክለው እንዲህ ተንዠርግጓል። እኛስ ጎመን ብንተክል?»

«ጠላት ያደረገውን ሁሉ ልታደርግ ነው? ነገ ደግሞ ቁምጣ ልበስ!»

መሸሻ የጣኒካዎቹን አፍ በመሮ ቀደደ፣ ከእንጦጦ ከሚወርደው ወንዝ ዳር አፈር ተሸክሞ አምጥቶ ሞላቸው፣ ከጌጤ የለመነውን የጎመን ዘር በእፍኙ ዘግኖ በተነ። ከዚያ በጧት ውሃ፣ በቀትር ውሃ፣ ማታም ውሃ ሆነ። ታየች ባሏን በአዘቦት «አንተ» ነው የምትለው፤ ስትንቀው ብቻ «አንቱ» ትለዋለች። ያን ሰሞን ከአንቱታ አልወረደችም።

«አጋፋሪ፣ ዘሩንም እንደ ግብር ሰው ጠቅጥቀው አስገቡትሳ! ውሃውንም እንደ ጠጅ እየደጋገሙ ይቅዱለት፤ ሰክሮ ሲወድቅ ደግፈው ያስወጡታል።»

ጥቂቱ በቀለ፤ ቀጭን፣ ነጣ ያለ፣ ክር የመሰለ። ወዲያው ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎም ተኛ። መሸሻ አንዱን ጣኒካ ዘንበል ቢያደርገው የቤንዚን ቅባት የተንሳፈፈበት ጭቃ ውሃ ግልብጥ አለ፤ ሽታው የሞተ አይጥ ነበር። ለካ ጣኒካውን አላጠበውም፣ ለውሃው መውጫም አልበሳለትም።

«እሰይ!» አለች ታየች አፍንጫዋን ይዛ። «ጎመንዎ ለፋሲካ ደረሰልዎ። ሬሳው ነው እንጂ!»

መሸሻ አለቱ ላይ ተቀምጦ እጁን በአፈር ጠረገ። በማግስቱ ግን ሌላ ጣኒካ ይዞ መጣ። ታየችን ከሁሉ ያናደዳት ይኸ ነው፤ የተሸነፈ ሰው መሸነፉን ማወቅ አለበት ብላ ታምናለች።

ነገሩን የለወጠው ወልዱ ነው። ወልዱ ድሮ ከደጃዝማቹ በር የማይጠፋ፣ የሰው ኩታ እየጎተተ ልግባ የሚል፣ መሸሻም ሁልጊዜ የሚመልሰው ሰው ነበር። ከጦርነቱ በፊት አንድ የጣልያን ሱቅ ውስጥ ሲላላክ የለቃቀማት ቋንቋ ዛሬ አስተርጓሚ አድርጋዋለች። ነጭ ኮትና ሱሪ አሰፍቷል። «ሲኞር ወልዱ» ካላሉት ሰላምታ አይመልስም። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገና፦

«አንተ መሸሻ! መንግሥት አገር ሲያለማ አንተ ቆርቆሮ ታለማለህ? ከቆርቆሮ የሚበቅለው ዝገት ነው!» አለና ሳቀ።

ከዚህ የከፋውን ታየች ራሷ ስትለው ከርማለች። ግን ባሏን መናቅ የሷ ርስት ነው፤ ለማንም አላከራየችውም። ከማጀት ብቅ አለች።

«ወልዱ፣ ከብረት እንኳ ዝገት ይወጣል። ካንተ ምን ይወጣል?»

ወልዱ ፊቱ ተለዋወጠና ሄደ። ታየችም ወደ ባሏ ዞራ «ምን ታፈጥብኛለህ? ያን ጣኒካ ወዲህ በለው!» አለችው።

እሷም ብትሆን የከተማ ልጅ ናት፤ ዶማ ጨብጣ አታውቅም። ግን ጋን ሳይታጠብና ሳይታጠን ጠላ እንደማይጣልበት ታውቃለች። ጣኒካውን በአመድና በፈላ ውሃ ፈትጋ ፈትጋ ሽታውን አስለቀቀችው። መሸሻ ምስማር በእሳት እያጋለ ታቹን በሳ፤ ጠጠር ደለደሉበት፣ አፈር ሞሉበት። መጀመሪያ እርጥብ ፋንድያ ቀላቅለው የአንዱን ጣኒካ ቡቃያ በሙሉ አቃጠሉት፤ ታየች «ምክሩ ያንተ ነው» አለች፣ ምክሩ የሷ ነበር። በሁለተኛው ግን ፋንድያው ደርቆ እስኪደቅ ጠበቁ። ከጌጤ የተረፈችውን ቁንጥር ዘር ሲዘሩ ታየች የባሏን እጅ ያዘች።

«ሰብሰብ አድርገው። ዛሬ የሚገባው በጥሪ ነው።»

ጣኒካው በዛ። ወገቡ የተሰነጠቀ ጋን ለድንች ሆነ፣ ያረጀ ቅርጫት በጆንያ ተለብጦ ነጭ ሽንኩርት ተተከለበት። ክረምቱ ገባ። በረዶ ሲጥል ባልና ሚስት እየተሰዳደቡ ጣኒካውን ወደ ጣራው ጥግ ያስጠጋሉ፣ ሲያባራ መልሰው ወደ ፀሐይ ያወጣሉ። ለፍልሰታ ጾም ጎመኑ እንደ ዝሆን ጆሮ ሰፋ። ከታች ከታቹ ቅጠሉን እየቀነጠቡ በሉ፣ ለጌጤም ላኩላት። የባዩሽ ድድ መድማቱን ተወ። መሸሻ ጧት ጧት በጣኒካዎቹ መሐል እየተመላለሰ የትኛው ከየትኛው በላይ እንደሚቀመጥ ያስተካክል ጀመር፤ ታየች «ደግሞ ሹመት ጀመረህ?» ትለዋለች፤ እሱ ፈገግ ይላል።

በዚያው ጾም ወልዱ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ አስከትሎ መጣ። አንዱን ካፒቴኖ፣ የጣልያን ሻምበል፣ ደስ ለማሰኘት ትኩስ ቅጠል እንደሚፈልግ ሰፈሩ አስቀድሞ ሰምቷል።

«እነዚህ ጣኒካዎች የመንግሥት ንብረት ናቸው» አለ። «ካፒቴኖው አሁኑኑ ይምጡልኝ ብለዋል።»

መሸሻ ደነገጠ። የመንግሥት ዕቃ ተገኘበት የተባለ ሰው ስንት ጅራፍ እንደሚቀምስ ሁሉም ያውቃል። ታየች ግን ወደ ወልዱ ቀረበች።

«የታዘዘው ጣኒካው ነው?»

«አዎ፣ ጣኒካው!»

«ዘበኛው ሰምተሃል? ጣኒካው ነው ያለው።»

ዘበኛው ራሱን ነቀነቀ። ታየች ከቤት አሮጌ ቁርበት ጎትታ አለቱ ላይ ዘረጋች። አንዱን ጣኒካ አንስታ ግልብጥ አደረገችውና ታቹን በቡጢ መታችው። አፈሩ ከነሥሩ፣ ጎመኑ ከነቅጠሉ፣ እንደ ድፎ ዳቦ ዱብ አለ። ባዶውን ወልዱ እግር ሥር አኖረችው። ሁለተኛውን ገለበጠች። ሦስተኛውን ባሏ አነሳና ገለበጠው።

«ይኸው ጣኒካህ» አለች ስትጨርስ። «አፈሩ የእንጦጦ ነው፣ ጎመኑ የኔ ነው። ለሱም ትእዛዝ ካለ አምጣና አስተርጉምልኝ። ሥራህ አይደል?»

ወልዱ ወደ ዘበኛው ዞሮ «ተሸከም!» ቢለው፣ ዘበኛው ጠመንጃውን አሳየውና «እጄ ተይዟል፣ ሲኞር» አለ። ወልዱ ባዶ እጁን እንዳይመለስ አፉን ሞልቶ ትእዛዝ ነው ብሏል፤ ጣኒካዎቹን በገመድ አያይዞ ራሱ ተሸከማቸው። በተበሳው ታች የቀረው ጭቃ ውሃ በነጭ ኮቱ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ወረደ። ቆርቆሮው እየተንኳኳ ቁልቁል ሲወርድ ሴቶቹ በየአጥሩ ወጥተው «ደህና ይግቡ፣ ሲኞር! ሲኞር!» አሉት። ጌጤማ እልልታዋን አቀለጠችው። ካፒቴኖውም ቅጠል ሲጠብቅ ያንን የተበሳ ቆርቆሮ ክምር ቢያይ በጥፊ እንደ ሸኘው በኋላ ተሰማ።

ያን ዕለት ከሰዓት ሰፈሩ ያለውን አመጣ፤ አፉ የተሸረፈ ማድጋ፣ የነቃ ገበቴ፣ እጀታ የሌለው እንስራ። ጎመኑን አስገቡት። ግማሹ ሞተ፣ ግማሹ ያዘ።

ወልዱ ግን ጥፊውን ለብቻው የሚውጥ ሰው አልነበረም። በማግስቱ መሸሻን «የመንግሥት ዕቃ ሰርቋል» ብሎ አስያዘው፤ ወስደው መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ፈላጭ አደረጉት። ታየች ወሬውን ስትሰማ አላለቀሰችም። «የሰደብኩት እኔ፣ ያሰረው ባሌን። ወንድ!» አለች። ብቻዋን ጎመኑን ስታጠጣ ግን የምትሰድበው ሰው አጣች።

የተቀቀለ ጎመን በአገልግል ይዛ ወደ መንገዱ ሥራ ትመላለስ ጀመር። መሸሻ ፊቱ ከስቷል፣ መዳፉ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል። አገልግሉን ከፍቶ መጀመሪያ ለሽማግሌዎቹ፣ ቀጥሎ ለታመሙት፣ ከዚያም ለቀሩት እያካፈለ ራሱ ታቹን ይጠርጋል። አንዱ እስረኛ ተራውን አልፎ እጁን ቢሰድ «ቆይ!» አለው በዚያ በድሮ ድምጹ፤ ሰውየውም ቆየ። ታየች ይህን አይታ ከት ብላ ሳቀች፤ ወታደሩ እስኪገላምጣት ሳቀች። መሸሻም ከታሰረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ጥቅምት ላይ መንገዱ አለቀና ለቀቁት። ቤቱ ሲደርስ ታየች ጉልበቱን እንኳ ሳያሳርፍ ወደ ጋኑ ወሰደችው። የድንቹ ቅጠል ረግፏል። ሁለቱ ይዘው ገለበጡት፤ ባዩሽ በአፈሩ መሐል በእጇ እየፈለገች ለቀመች። የበዛው የዋንዛ ፍሬ የሚያህል ነው፤ ጥቂቱ የዶሮ እንቁላል ያክላል። ቀቅላ አቀረበችው። መሸሻ አንዱን ከነልጣጩ ጎርሶ አላመጠ።

«ጨው ያንሰዋል» አለ።

«እንግዲህ ጨው አብቅልልኛ!» አለችው ታየች፣ ትልቁን ድንች ወደሱ እየገፋች።