ለደቦ የጠራነው ሊቀመንበር

ባሌ ገብረመንፈስቅዱስ ደረቱን ያመው ነበር። በደብረ ብርሃን ብርድ ደረቱን የታመመ ሰው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ማስተኛት እያወቁ መግደል ነው። በሬዲዮ ስለ ሰፊው ሕዝብ ሌት ተቀን ሲለፈፍ እኔ የምፈልገው አንድ ደረቅ መኝታ ብቻ ነበር።

ቤቱ ከነግቢው ድሮ የእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ነበር። ኪራይ ሊጨምሩ ሲሉ ተከራዩን ሰብስቤ በራቸው ላይ የማቆመው እኔ ነበርኩ። ከጎኔ ቆሞ ከሁሉ አብልጦ የሚጮኸው ደግሞ ኃይለ ገብርኤል የሚባል ጎረቤታችን ነበር። ሴትዮዋ ቢራገሙንም ክረምት ሳይገባ ጣሪያውን ያስጠግኑ ነበር። ከዚያ አዋጁ ወጣ፤ ቤቱ የቀበሌ ሆነ፤ ኪራዩም ቀነሰ። እልል አልን። ኃይለ ገብርኤል የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጣሪያችንን ቀና ብሎ ያየልን የለም።

ተከራዮቹን ይዤ ቢሮው ሄድኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቤታችን ያፈሳል። አከራያችን ቀበሌው ከሆነ ያስጠግንልን» አልኩት።

«አከራይ የሚባል ነገር እኮ ቀርቷል፣ ጓድ አስካለማርያም» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ቤቱ የሕዝብ ነው። ሕዝብ ማለት እናንተ ናችሁ። ታዲያ ማንን ነው የምትከሱት?»

ጓድ አስካለማርያም! ደሜ ፈላ። በርበሬ ከአልዩ አምባ እያመጣች የምትነግደው ጎረቤቴ ሲቲ ቀሚሴን ጎተት አደረገችኝ። ውጭ ስንወጣ፣

«ተይው እቴ፤ ወላሂ ከዚህ ሰውዬ ጠብ የሚል ነገር የለም። እኛው በደቦ ብንሠራውስ?» አለችኝ።

ወደድኩላት። በየቤቱ እየዞርኩ ሰዉን አሳመንኩ። በተራ የሁሉም ቤት ሊጠገን፣ በሽተኛ ካለበት ሊጀመር ተስማማን። ጠላ ጠመቅሁ፤ ንፍሮ ቀቀልኩ። የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ደቦ ሲጠራ ጎረቤት ተለይቶ አይቀርም፤ የተኳረፉትም ይጠራል፤ አለዚያ ነውር ነው። ስለዚህ ኃይለ ገብርኤልንም ጠራነው።

መጣ። ጭቃ አልረገጠም፤ ጭድ አልተሸከመም፤ ጠላዬን ግን አሳምሮ ጠጣ። የቀረው ሰው ግን እንዴት እንደሠራ! የጣሪያው ቀዳዳ በሬንጅ ተደፈነ፤ ግድግዳው ተመረገ፤ በኖራ ተቀባ። ሊቀመንበሩ ክፍሎቹን እየዞረ አየና «ይህ ነው የሕዝብ ኅብረት!» ብሎ መረቀን። ባሌ ከአልጋው ተነሥቶ ግድግዳውን በእጁ ዳበሰ፤ ሳቀም። ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ!

በእሑዱ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ተነሥቶ፣ ወደ ከተማችን ለተዛወረ ካድሬ ቤት እንደጠፋ ተናገረ።

«አንድ ደህና ቤት አለ» ብሎ የኛን ቤት ጠራ። «የሠራው ሕዝብ ነው። ለሕዝብ አገልጋይ ቢሰጥ የሚቃወም አለ?»

የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን አንግቶ በሩ ላይ ቆሟል። ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ጭቃዬን የረገጡት ሁሉ አቀርቅረዋል። «የምትደግፉ?» ሲል እጅ ወጣ፤ የሲቲም ወጣ። ዓይኗን ከዓይኔ አሸሸች። አልፈርድባትም እላለሁ፤ ግን እፈርድባታለሁ።

እኛን የእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ከብት ማደሪያ የነበረች የጓሮ ክፍል ሰጡን። ጣሪያዋ ወንፊት ነው። ሐምሌ ሲገባ ሲቲ ደጃፌ ላይ ቆመች፤ ሌሎቹም ጭድና አካፋ ይዘው ከኋላዋ።

«አስካለ፣ አፉ በይን» አለች እያለቀሰች። «ዛሬውኑ እንጠግናት። እሱን አንጠራውም።»

ባሌ ዝናቡን ሽሽት ጥግ በገፋሁለት አልጋ ላይ ሆኖ ይሰማል። ሳሉ እስኪያልፍለት ቆመን ጠበቅን።

«አትንኳት» አለ። «ይህችም ካማረች ይወስዷታል። ከዚህ ወዲያ መሄጃ የለንም።»

ሰዎቹን ከነጭዳቸው መለስኳቸው። እነሱም በየቤታቸው እንዲሁ አሰቡ መሰለኝ፣ ተራዬ ደረሰ ብሎ ደቦ የጠራ አልተገኘም። በዚያ ክረምት በግቢያችን የማያፈስ ቤት የካድሬው ብቻ ነበር። ገብረመንፈስቅዱስን ነሐሴ ላይ ቀበርነው።